መቀስና ሲኒማ

ከግራ ጆሮዬ በላይ ሕፃን ሳለሁ ከእሳት ያገኘሁት ጠባሳ አለ። የሚሸፍንልኝ ጸጉሬ ስለ ሆነ፥ ጸጉር አስተካካይ ቤት መግባት ከፈተና አዳራሽ መግባት ይልቅ ያስፈራኛል።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ከወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ጨርቁን ካንገቴ አሥረው «እንዴት ላድርግልህ ልጄ?» ቢሉኝ፥ «አጠር ያድርጉልኝ ጋሼ» አልሁና ዝም አልሁ። የጠባሳውን ነገር ለመናገር አፈርሁ። በእኔ ልብ «አጠር» ማለት ጥቂት መቀነስ ነበር፤ በእርሳቸው ልብ ግን ጥቂት ማስቀረት ኖሯል። የቶንዶሱ ብረት ከጠባሳዬ ላይ ሲቀዘቅዘኝ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ ደንግጠው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ከቤት ሳልወጣ «ፍራንከንስታይን» የተባለውን መጽሐፍ አነበብሁ። ሜሪ ሼሊ መጻፍ የጀመረችው በእኛ ዕድሜ፥ በ18 ዓመቷ ነው፤ የታተመውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው በ1931 የተሠራውን ፊልም ብቻ ነበር። በፊልሙ ፍጡሩ ከማጉረምረም በቀር ቃል አይወጣውም። በመጽሐፉ ግን በግድግዳ ስንጥቅ አንድ ቤተ ሰብ እያየ ቋንቋ ይማራል፤ መጻሕፍት ያነባል፤ በሠራው ሰው ፊት ቆሞም በደሉን አንድ በአንድ ይናገራል። በመጽሐፉ ጥቁርና ረጅም የነበረው ጸጉሩ በፊልሙ መለወጡ አላስከፋኝም፤ አንደበቱ መቆረጡ ግን አሳዘነኝ።

ለውጥ ሁሉ ክሕደት አይደለም። የኤች ጂ ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» (1898) በእንግሊዝ አገር የሚፈጸም ታሪክ ሲሆን፥ የ1953ቱ ፊልም ወደ ካሊፎርንያ አዛውሮታል። ነገር ግን የማርስን ወራሪዎች የሚጥላቸው መድፍ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ መሆኑን ጠብቋል። ልብሱ ተለወጠ፤ ልቡ ቀረ። ይህን ታማኝ እለዋለሁ።

ሜሪ ሼሊ ያ ፊልም ሲሠራ ከሞተች 80 ዓመት ሆኗት ነበርና «ይህን አትቍረጡ» ልትል አልቻለችም። እኔ ግን ከወንበሩ ላይ ነበርሁ፤ አንደበትም ነበረኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ከእናንተ አንዱ ስለ ጠባሳው ጠየቀኝ፤ ነገርሁት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። በ1935 በወጣው ተከታይ ፊልም ያው ዳይሬክተር ለፍጡሩ ጥቂት ቃላት መልሶለታል። የእኔም ጸጉር በቀለ። ዳግመኛ ወደ ሽማግሌው ስሄድ ጠባሳውን በጣቴ አሳየሁና «ጋሼ፥ ከዚህ ላይ በመቀስ ብቻ፤ ሁለት ጣት ያህል ይተዉልኝ» አልኋቸው። ሁለት ጣታቸውን ከጸጉሬ ላይ አሳርፈው ለኩና «ይህን ያህል?» አሉ።

«አዎን፥ ይህን ያህል» አልሁ።