ሊዘጋ የተከፈተ ሆስፒታል

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጥቂት የግል ክሊኒኮች፣ አንድ የጥርስ ሕክምና ቤትና ሁለት ላቦራቶሪዎች ዓመቱ ሲያልቅ መዝገባቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከባለቤቶቹ ገሚሱ ሴቶች ናቸው። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ታካሚ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ጨመረ ስላቸው ፊታቸው ይፈካል። ነውር የለበትም። የቤት ኪራዩ፣ የነርሷ ደመወዝ፣ ግብሩ የሚከፈለው ከታካሚ ነው። የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው።

በአገራችን ለአንድ በሽታ ብቻ ከቆሙ ተቋማት መካከል ስሙ ርቆ የተሰማውን ሳስብ ግን ይህ ጥያቄ ይገለበጥብኛል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ዕድሜያቸውን የሰጡት የፊስቱላ ሆስፒታል ትርፉ የሚታየው ታካሚ ሲያጣ ነው። ድርጅቱ የበጎ አድራጎት እንጂ የንግድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደመወዝ ይከፍላል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ሕንፃ ያድሳል። መምራት መምራት ነው።

ካትሪን ሲድኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 ተወለዱ። በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ማስታወቂያ አይተው ነው። ውሉ የሦስት ዓመት ነበር። ሁለቱም የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ቢሆኑም ፊስቱላን በአገራቸው አይተውት አያውቁም፤ እዚህ መጥተው ነው ጥገናውን የተማሩት። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የከፈቱት በ1974 ነው። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ እነሱ ከሥራቸው አልተነሡም። ሬጂናልድ በ1993 ሲያርፉ ካትሪን 69 ዓመታቸው ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ተቋሙን ለመምራት ብቻቸውን ቀሩ።

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱ ሽንቷን፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ያቅታታል። መንሥኤው እርግማን አይደለም። በሰዓቱ ቢላዋ የያዘ ሐኪም ቢኖር የማይመጣ ነገር ነው።

ይህን ከመጽሐፍ በፊት የተማርኩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። ከቤታችን ጀርባ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆቹ «እታለም» እንላታለን። ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመዋት አውራ ጎዳናው ዳር መኪና ሲጠብቁ ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ ልጁ ሞተ፤ ባሏ ወደ ወላጆቿ መለሳት። የእኛን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወገራ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውኃው እጅ ይቆርጣል። እሷ በዚያ ውኃ በየማለዳው ጨርቅ ታጥባለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ የታጠበው አይደርቅም፤ እርጥቡን መልሳ ትታጠቀዋለች። ማኅበር ቀረች፣ ሠርግ ቀረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። እናቴ እንጀራ ስትልክላት ደጅ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ግቢ ብላኝ አታውቅም።

አዲስ አበባ በነጻ የሚያክም ሆስፒታል እንዳለ ሰምታለች። ኧረ ማን ያልሰማ! ግን ከእኛ ዘንድ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕክምናው ነጻ ነው፤ አውቶቡሱ ነጻ አይደለም። ብር ቢገኝስ አጠገቧ ማን ይቀመጣል? አንድ ጊዜ ጎንደር ሳትደርስ እንዳስወረዷት እናቴ ነግራኛለች።

እንግዲህ የካትሪን ሐምሊን አመራር የገባኝ በዚህች ሴት በኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ጥሩ ቀዶ ሕክምና መሥራት አንድ ነገር ነው። ታካሚዋ ለምን አልመጣችም ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። በ2005 ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያው የክልል ማዕከል ተከፈተ፤ እስከ 2010 ድረስ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ይደረሳል። እታለም ሄደች። ከወር በላይ ቆይታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ተመለሰች። እናቴ ደስታ ይሁን ለቅሶ ባልለየ ድምፅ «እንዴት ሆንሽ?» ስትላት የመለሰችው ይኸው ነው፦ «አውቶቡስ ላይ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ ጎንደር አልተነሣም።»

በሒሳብ ሰው ዓይን ሳየው የዚህ ተቋም ነገር አስቸጋሪ ነው። የሚታከመው አይከፍልም፤ የሚከፍለው አይታከምም። ስለዚህ መሪዋ ሁለት ሥራ ነበራቸው፤ እዚህ መቁረጥና መስፋት፣ ባሕር ማዶ ደግሞ መለመን። በ2004 የኦፕራ ዊንፍሬይ ፕሮግራም ላይ ቀርበው የታካሚዎቻቸውን ነገር ለአሜሪካውያን ተናገሩ። ሠራተኛ ሲያስፈልግ ደግሞ ሩቅ አልሄዱም፤ የዳኑትን ሴቶች አሠለጠኑ። ማሚቱ ጋሼ ራሷ በምጥ ተጎድታ የመጣች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች የገጠር ልጅ ነበረች። አልጋ ከማንጠፍ ጀመረች፣ በቀዶ ሕክምናው መርዳት ቀጠለች፣ በመጨረሻም ራሷ የምትጠግን የታወቀች ባለሙያ ሆነች። ቢቢሲ በ2018 ከዓመቱ መቶ ሴቶች አንዷ አድርጎ መርጧታል። የትኛው ክሊኒክ ነው ታካሚውን ሐኪም አድርጎ ያስቀረ?

ከሁሉም ግን የሚገርመኝ በ2007 የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ልጃገረዶችን ከየክልሉ ገጠር ይቀበላል፣ በዲግሪ ያስመርቃል፣ ወደየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ይመልሳቸዋል። እስቲ አስቡት፤ እያንዳንዷ ተመራቂ የሆስፒታሉን ታካሚ ትቀንሳለች። ደንበኛዬ ቢሆኑ «ገበያዎን በራስዎ እጅ እየዘጉ ነው» እላቸው ነበር። እሳቸውም ሊዘጉት ፈልገው ነው። ሦስት ዓመት ሊሠሩለት የመጡለትን የአዋላጅ ትምህርት ቤት በ83 ዓመታቸው እንደገና ጀመሩት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2020 አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ ተቋማቸው ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን አክሞ ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ ቢሮዬ መጥታ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የእናቶች ክሊኒክ ልከፍት ነው፣ ሒሳቡን አስልልኝ አለችኝ። አሰላሁላት። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ስለሆነ በማዋለድ አታተርፍም። አልትራሳውንድ አለ፣ የእርግዝና ክትትል አለ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ አለ፤ ከዚያ የኪራይና የአንዲት ረዳት ደመወዝ ይወጣል፣ ብዙም አይተርፍ።

«ለምን ጎንደር አትከፍችም?» አልኳት።

«ጎንደርማ ሐኪም ሞልቷል እኮ» አለች። «እኔ የምፈልገው ምጧ የሚከብዳትን ሴት ገና በሰባት ወሯ ለይቼ፣ ቀኗ ሳይደርስ ከተማ እንድትገባ ማድረግ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ሌላ የማላውቅበት ዓምድ ነበረ፤ መንገዱ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ምጥ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ሐኪሙ ጎንደር ሞልቶ፣ አምቡላንሱ ቆሞ፣ አንዲት የወገራ ልጅ ሦስተኛውን ቀን ቤቷ ልትውል ትችላለች። ያ ከሆነ ለባሕር ዳሩ ማዕከል አዲስ ታካሚ ተፈጠረች ማለት ነው። በስንት ዓመት ልፋት ሊደፈን የነበረው ቀዳዳ እንዲህ ነው ተመልሶ የሚቀደደው። ለዚህ ነው የልጅቷን ወረቀት እንደ ሌላው ወረቀት ማየት ያቃተኝ። ፊስቱላ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ይልቅ የሚሸነፈው መንገድ በተዘጋበት ቀን እዚያው ባለች ሰው ነው።

ለባንክ በማዘጋጀው ማመልከቻ ላይ «በሦስተኛው ዓመት የሚጠበቅ ውጤት» የሚል ቦታ አለ። ብዙዎች የገቢ ቁጥር ነው የሚያስሞሉኝ። እሷ ቁጥሩን ካስሞላችኝ በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምርልኝ አለችኝ፤ ከወገራ ወደ ፊስቱላ ማዕከል የተላከች እናት፣ ዜሮ። የባንኩ ሰው ምን እንደሚል እንጃ። እኔ ግን ጽፌዋለሁ።