በብስክሌት ወደ ሰሃላ

ይህ ገጽ ለወትሮው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ባለሥልጣናት ንግግር የምንከራከርበት ነው። ዛሬ ግን ስለ ብስክሌት ልጽፍ ነው። «ዶክተሩ ፖለቲካው ሰለቸው መሰል፣ ስፖርት ጀመረ» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከፖለቲካ አይወጣም።

ለሦስተኛ ዲግሪዬ ቤልጅየም በቆየሁባቸው ዓመታት የቢሮ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊምቡርግ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። አስፋልት አይወዱም። ጎማው ሰፋ፣ መሪው ወደ ታች ቆልመም ያለ፣ «ግራቭል» የሚሉት ብስክሌት አላቸው፤ በእርሱ ጠጠርና አሸዋ እየፈለጉ ከጥድ ደን ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ሜዳ ይንሸራሸራሉ። ሜዳውን የሸፈነው የእኛው አስታ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ ነው፤ በነሐሴ ሲያብብ ምድሩ ሐምራዊ ይሆናል። ዳገት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ደሴ ላይ ዳገት እየወጣሁ ላደግሁት ለእኔ ይህ ተአምር ነበር። እግዚአብሔር ለእነዚህ ሰዎች ገር ምድር፣ ለእኛ ደግሞ ገደል ሰጠን እያልሁ አስብ ነበር። እኛ አገር ሰው ፒስታው አስፋልት እንዲሆንለት ዕድሜ ልኩን አቤት ይላል፤ እነዚህ ግን ከአስፋልት ሸሽተው ፒስታ ለመንዳት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ።

ይህን ሐሳቤን አንድ ቀን ለአንዱ ባልደረባዬ ነገርሁት። ሳቀ። «ይህ አገር እኮ በረሃ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ አካባቢ፣ ኬምፐን የሚባለው፣ ደኑ ተመንጥሮ፣ በጉ ሣሩን ጨርሶ፣ አሸዋው በነፋስ እየተነሣ መንደር የሚያለብስበት የድኾች አገር ነበር። ያ የሚያምረው የቁጥቋጦ ሜዳ ራሱ የጉዳቱ ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 የቤልጅየም መንግሥት ማኅበረሰቡ በጋራ የሚይዘው ጠፍ መሬት እንዲለማ፣ ካልለማም እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በአሸዋው ላይ ጥድ ተተከለ። በ1901 የድንጋይ ከሰል ተገኘ፤ ጥዱም የማዕድን ጉድጓድ መደገፊያ ሆነ። ከሐይቆቹም ብዙዎቹ ጠጠርና አሸዋ ተዝቆ የቀሩ ጉድጓዶች ናቸው። የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ በ1992 ሲዘጋ ሕዝቡ ሥራ አጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ የብስክሌት መንገዶቹን መገናኛ ሁሉ ቁጥር ሰጠው፤ ተጓዡ ካርታ ሳይዝ ከቁጥር ወደ ቁጥር እንዲሄድ አደረገ። ዘዴው ዛሬ በቤልጅየምና በኔዘርላንድስ ሁሉ ተስፋፍቷል። ደኑና ሜዳውም በ2006 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

እንግዲህ ያ ገርነት የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም። ሰው አጥፍቶት፣ ሰው የጠገነው ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ልቤ ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ወደ ሰሃላ።

ሰሃላ ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ከዝቋላ ወዲያ፣ በተከዜ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛል። የእናቴ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. እኔን አዝላ፣ ታናሽ እኅቷን እጇን ይዛ፣ ከሰሃላ ተነሥታ በሰቆጣ በኩል ኮረም ድረስ በእግሯ ሄዳለች። ኮረም ስትደርስ እኔ ብቻ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ደሴ ላይ ሰው ቤት እየሠራች አሳደገችኝ። ስለ መንገዱ ተናግራ አታውቅም፤ ቋንቋዋን ኽምጣናንም አላስተማረችኝም። እኔም በትምህርት ቤት «ዋግ» የሚለውን ስም የሰማሁት «ረኀብ» ከሚለው ቃል ጋር ተያይዞ ብቻ ነው። ዋግ ሹሞች የሚገዙት፣ የጨው አሞሌ ነጋዴ የሚጎርፍበት የሰቆጣ ገበያ የሚባል ነገር እንደ ነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከመጻሕፍት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ያገለገለ ግራቭል ብስክሌት ይዤ መጣሁ። በማግስቱ ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ብስክሌቱን በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ ከባሕር ዳር ተነሣሁ፤ በጋሸናና በላሊበላ አድርጌ ሰቆጣ ገባሁ። ለእናቴ ለሥራ እንደምሄድ ነገርኋት።

ከሰቆጣ ሲወጡ ከመኪና መስኮት የሚታየው የተራቆተ ኮረብታ ነው። በብስክሌት ሲሆን ግን ዐይን ሌላ ነገር ለማየት ጊዜ ያገኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጽድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ስገባ ላቤ ይቀዘቅዛል፣ የወፉ ድምፅ ይለወጣል። ከደኑ አጥር ውጭ ደግሞ ድንጋይ። ይህች ቁራጭ ደን ያ ኮረብታ ምን መሸከም ይችል እንደ ነበር የምትመሰክር ናት። ትንሽ ወረድ ብሎ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የተደረገ ተዳፋት አለ፤ ገበሬው በበጋ ያለ ክፍያ የቆፈረው እርከን በሣር ተሸፍኗል። ከብት አይገባበትም፤ ሣሩ ግን እየታጨደ ይከፋፈላል። ቤልጅየም ሳለሁ ያየኋቸው ፎቶግራፎች ትዝ አሉኝ። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሣቸውን የሰሜን ኢትዮጵያ ሥዕሎች፣ ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በየቦታው ቆመው ደግመው አነሧቸው። ያገኙት ውጤት ብዙዎቻችን የምንጠብቀው አልነበረም፤ በብዙ ቦታ ዛፉም የአፈር ጥበቃውም ከድሮው ተሽሎ ነበር። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨረሰው» የምንለው ተረት ለእኛ ለከተሜዎች ይመቸናል፤ ተጠያቂውን ገበሬ ያደርግልናልና።

ወደ ቆላው ስወርድ ፒስታው ኮሮኮንች ሆነ። ሁለቴ ጎማ ፈነዳብኝ፤ ጎሚስታ በሌለበት አገር እረኞች ከብበውኝ ለጠፍሁ። በየተዳፋቱ የእጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል፤ ግንዱ በመንጋፍ ተልጦ እንደ ወተት ያለ ሙጫ ያነባል። ትልልቆቹ አሉ፤ ልጅ እግር ዛፍ ግን ዐይኔ አላየም። ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፣ እናቱም ያለ ዕረፍት እየተላጠች ዘሯ ይደክማል። በሦስተኛው ቀን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ውኃ አየሁ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቈረው ሐይቅ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው። ታንኳ ላይ ወጣቶች ቀረሶ ያጠምዳሉ። ደን፣ ሐይቅ፣ ጠጠር መንገድ… ሊምቡርግ ፍለጋ የሄድሁት ሁሉ እዚህ ነበረ። ሌሊት ያደርሁበት መንደር ግን መብራት አልነበረውም፤ ከሐይቁ የሚመነጨው ኃይል በላዩ አልፎ ይሄዳል።

በዚያች መንደር አንድ ሽማግሌ በኽምጣና ሰላምታ ሰጡኝ። መመለስ አልቻልሁም። ወደ አማርኛ ዞረው ብስክሌቱን እያዩ «ለምዝገባ ነው የመጣኸው ልጄ?» አሉኝ። የእርዳታ ምዝገባ ማለታቸው ነው። አይደለም አልሁ። «መንገድ ልትቀይሱ ነው?» እርሱም አይደለም። «ለመዝናናት» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «የእናቴን አገር ላይ ብዬ ነው አባቴ» አልኋቸው። የእናቴን አባት ስም ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ሁለት ልጆች ይዛ ነው የወጣችው» አሉ። አንደኛዋ እኅቷ መሆኗን ነገርኋቸው። የት እንዳለች አልጠየቁኝም። ማርና ጠላ አቀረቡልኝ።

ደሴ ተመልሼ እውነቱን ለእናቴ ነገርኋት፤ ፎቶግራፎቹንም አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየች። «እኔ የሄድሁበትን ነው ለጨዋታ የሄድህበት?» ብላ ትቆጣለች ብዬ ነበር። ያለችው ግን ሌላ ነው፦ «እስካሁን ይኼው ነው መንገዱ?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ዋግን ረግጦ አለፈ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በላዩ ደግሞ ድርቅ ዋግ ኽምራን መታ። የሕፃናት መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የከተማዋን ስም ይዞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ቃሉ የተሰጠበትን አገር የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? ብስክሌቴ ባሕር ዳር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ዋግን የቱሪስት የብስክሌት መንገድ ማድረግ ይቻላል» ይሉኛል። ይቻል ይሆናል። ግን የኬምፐንን ታሪክ ግማሹን ብቻ አንቅዳ። ያ የ1847 ሕግ ደን አስገኝቷል፤ የጋራ ግጦሹን ያጣው ድኻ ግን ለዚያ ደን ዋጋ ከፍሏል። ለዚህ ከቤልጅየም ይልቅ መንዝ ትቀርበናለች፤ የጓሳን ሜዳ ማኅበረሰቡ ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ዓመታት ዘግቶ፣ ሲከፍትም ተካፍሎ ለዘመናት ጠብቆታል። የሰቆጣን ተዳፋት የዘጉት ገበሬዎችም ሣሩን የሚካፈሉበት መብት በወረቀት ይጽና፤ የእጣኑ ዛፍ የሚያርፍበት ዓመት ይኑረው፤ ከሐይቁም መብራት ይድረሳቸው። መንገዱም አስፋልት ይሁን። ጠጠር መውደድ አስፋልት ያለው ሰው ምርጫ ነው፤ ለሰሃላ ሰው እኔ ልመርጥለት አልችልም። ነፍሰ ጡር በቃሬዛ የምትወጣበትን መንገድ «እንዴት ደስ ይላል» ብዬ መጻፍ ነውር ነው፤ ደስ ብሎኝ የነዳሁበት መሆኑንም መካድ ውሸት ይሆናል። ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ።

እናቴ አሁንም አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች፦ «ያ መንገድ ተሠራ?» አልተሠራም እላታለሁ። ስልኬን ትቀበለኝና ሥዕሎቹን ደግማ ታያለች። ባለፈው ፋሲካ የዛፎቹን ስም አንድ በአንድ በኽምጣና ነገረችኝ፤ ጻፍኋቸው።

ቸር ያሰማን።