በበላችበት የጮኸች ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ ለእንስሳው ታስቦ አይነገርም፤ ለቁራሽ እንጀራ ብሎ አንደበቱን ያከራየ ሰው ሲታይ ለመዝለፊያ የሚወረወር ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን በቁሙ ለያዘው ሰው ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። የሚበላበት የሌለው ውሻ የት ይጮኻል? በበላበት ለመጮኽ አስቀድሞ የእኔ የሚለው ደጃፍ ሊኖረው ይገባል፤ ደጃፍ ደግሞ ከሰው እጅ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ውሻ የቀረበ ቢመስልም፣ መልሱ የሚፈለገው ከሰው ዘንድ ነው።

ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት ሥር በጉለሌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩት ሰው የ58 ዓመቱ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የአጥሩን ሥር እየላሰ ከሚያልፍበት ቦይ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የመሰለ ድምፅ ተሰማቸው። ባትሪያቸውን አብርተው ቢመለከቱ፣ በቅጠልና በቆሻሻ መካከል የተቀረቀረ አንድ የረጠበ ነገር አዩ። ጨርቅ መሰላቸው። እጃቸውን ሲሰዱ ግን ጨርቁ ነከሳቸው።

ውሻዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ዘበኛ ቤቷ ካስገቧት በኋላ፣ ቁስላቸውን በሳሙናና በውሃ ደጋግመው አጠቡ። ሲነጋም ጤና ጣቢያ ሄዱ። እዚያ የተነገራቸው ነገር ቀላል አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በሰው ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ቁስልን ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ግን ሕይወትን ያድናል። ክትባቱ ተጀመረላቸው። ውሻዋም ለ10 ቀን ተይዛ እንድትጠበቅ፣ ከታመመች ወይም ከሞተች ፈጥነው እንዲያስታውቁ፣ በጤና ከዘለቀች ግን በነከሰቻቸው ሰዓት በሽታውን ልታስተላልፍ እንደማትችል ተገለጸላቸው።

ሰውየውና ውሻዋ የተዋወቁት እንግዲህ በዚህ አኳኋን ነው። ለ10 ቀን የአንዱ ደኅንነት በሌላው ትንፋሽ ላይ ተንጠለጠለ። ዘበኛው ሌሊት ሌሊት እየተነሡ፣ በባትሪ ብርሃን የውሻዋን ጎን እየተመለከቱ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሲያረጋግጡ መልሰው ይተኙ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚመለከቱት ለራሳቸው ሲሉ ነበር። ከሰባተኛው ሌሊት በኋላ ለማን ሲሉ እንደሚመለከቱ ለራሳቸውም መለየት አቃታቸው። ያገሩ ሰው ለማያውቀው ውሻ ሁሉ እንደሚያደርገው «ቡቺ» ብለው ጠሯት።

በአራተኛው ቀን አንድ የሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ስለ እግዜር ብሎ መጥቶ አያት። ተቋጥሮ ቆዳዋን ይጎትት የነበረውን ጠጉሯን በመቀስ ሲያነሣላት፣ ከሥሩ 3 ኪሎ ብቻ የምትመዝን ነጭ ውሻ ወጣች። ከጥርሷ መበላሸት ዕድሜዋን ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ገመተ። ጡቶቿም ደጋግማ መውለዷን ይመሰክሩ ነበር። «ይህች ውሻ ቡችላ ማምረቻ ሆና ኖራለች፤ ከእንግዲህ መውለድ የለባትም» አለ። አንገቷን በገመድ ማሰር የትንንሽ ውሾችን የአየር ቧንቧ ስለሚጎዳ ማሰሪያው ደረቷ ላይ እንዲውል፣ ምግቧም ጥቂት ጥቂት እየተደረገ እንዲደጋገምላት መከረ። በእንጀራ የተፈተፈተ ወጥ ሲቀርብላት ባየ ጊዜ ግን ሳህኑን አነሣው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። ሉካንዳው ተዘግቷል፤ ዘበኛውም ጿሚ ናቸው። እንዲያም ሆኖ በየማለዳው ከሱቅ አንድ እንቁላል እየገዙ፣ ቀቅለው እየላጡ፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ ያጎርሷት ጀመር። ባለ ሱቁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ፍልሰታን በእንቁላል?» አላቸው። «እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ስትጾም ነው የኖረችው» ሲሉ መለሱለት።

ለአንድ ውሻ ይህን ያህል መጨነቅ በኅብረተሰባችን ዘንድ እንግዳ ነገር መምሰሉ አያስደንቅም። በእኛ ልማድ የውሻ ቦታው ደጅ፣ ሥራው መጠበቅ ነው፤ ከቤት የሚገባ ውሻ የርኵሰት ምልክት ተደርጎ ይታያል። በዚህም ምክንያት ከእቅፍ የማትወርደዋን ትንሽ ውሻ ሕዝቡ «የፈረንጅ ውሻ» ሲል ከራሱ አራቃት። ባገራችን ስሟ የታወቀላት ትንሽ ውሻ ብትኖር የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ፣ ያቺ ቺዋዋ ነበረች፤ እሷም የቤተ መንግሥት ነበረች። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ወጣቶች ነጫጭ ቡችሎችን በክንዳቸው ይዘው ከመንገድ ዳር ለመኪና አላፊዎች ይሸጣሉ። ትንሿ ውሻ ከቤተ መንግሥት ወጥታ ገበያ ገባች። ገበያ የሚገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ካረጀና ካላተረፈ ይጣላል፤ ቡቺም የተጣለችው ስለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ውሻዋን የሚፈልጉ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰፊ ግቢና የቤት መኪና ያላቸው፣ በደግነታቸውም የሚመሰገኑ አንድ ነጋዴ ናቸው። አምስት ዓመት የሆነውን ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ቡሄ እየተቃረበ ስለነበረ ልጁ ጅራፍ ይዟል። አባቱ ሲነጋገሩ እሱ ከዘበኛ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጅራፉን አስጮኸ። ውሻዋ ከአልጋው ሥር ገብታ ሽንቷ አመለጣት። ልጁ በመደሰት ደገመው። ዘበኛው፣ «ጌታዬ፣ ግቢዎ ውስጥ ሌላ ውሻ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። «ሁለት አሉ፤ እንደ አንበሳ ናቸው። ማታ ማታ እንፈታቸዋለን።» ዘበኛው አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያስ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤትዎ መልካም ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም» አሏቸው። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲሰማ ዘበኛውን ሞኝ አላቸው።

ሁለተኛው ቡችላ ሻጭ ወጣት ነበር። እሱ ጥያቄ አላበዛም፤ ከኪሱ ገንዘብ አወጣ። የዘበኛውን የሦስት ወር ደመወዝ የሚያክል ነበር። ኪራይ ላለበት፣ የክረምት ልብስ ለሌለው ሰው ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ዘበኛው ብሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ከእንግዲህ እንዳትወልድ ሐኪም ከልክሏል» አሉት። ወጣቱም፣ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትውለድልኝ» አላቸው። ያን ቃል ሰምተው ብሩን መለሱለት። ያን ማታ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ኋላ አልሸሸጉም፤ ያሳሰባቸው የመለሱት ገንዘብ እንደ ነበረም እንዲሁ።

ለእንስሳ ቤት ከመስጠት በፊት ሰጪው ተቀባዩን መመርመሩ ድፍረት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ልማዱ በቆየበት አገር ግን የሥራው ግማሽ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት ለንደን ውስጥ በሆሎዌይ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ስትከፍት ብዙዎች ተሳልቀውባት ነበር፤ መጠለያው በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። እንዲህ ባሉ ተቋማት ውሻ ለመውሰድ የሚመጣ ሰው፣ ቤቱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፣ ሕፃናትና ሌሎች እንስሳት መኖራቸው፣ ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚውል ይጠየቃል። የጉለሌው ዘበኛ ይህን ከማንም አልተማሩም። ሌሊት ሌሊት የውሻዋን ትንፋሽ የተጠባበቁ ሰው ስለሆኑ፣ የሚያስፈልጋትን ያወቁት ከእሷው ነው።

ሦስተኛዋ እንግዳ በዘጠነኛው ቀን መጡ። የ66 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከሌሎቹ የተለዩበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ሳይጠየቁ በፊት እሳቸው ጠየቁ። ምን ትበላለች? ምን ያስፈራታል? ሲመሽ የት ትተኛለች? የእብድ ውሻ ክትባት ተከትባለች? ዘበኛው እየመለሱ ሳለ፣ ሴትዮዋን ለመፈተን ይሁን ራሳቸውን ለማጽናናት በማይታወቅ ሁኔታ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ይህች ምን ትጠቅምዎታለች? ሌባ አትይዝ፣ ቤት አትጠብቅ» አሏቸው።

መምህርቷ የቆየ ታሪክ አነሡላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ በኒው ጊኒ ጫካ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ከተተወ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ዮርክሻየር ቴሪየር አገኘ። ክብደቷ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቢል ዊን የተባለ ሌላ ወታደር በሁለት የአውስትራሊያ ፓውንድ ገዝቶ ስሞኪ አላት። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፒንስ ውስጥ በሊንጋየን የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመሬት በታች የስልክ ሽቦ ማሳለፍ አስፈለገ። ቱቦው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 21 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ሽቦው የተያያዘበት ክር ከአንገቷ ማሰሪያ ላይ ታስሮላት፣ ዊን ከወዲያኛው ጫፍ ሲጠራት፣ ስሞኪ ድምፁን ተከትላ በጨለማው ውስጥ አለፈች። ያለዚያ ማረፊያው ለጠላት አውሮፕላን ተጋልጦ መቆፈር ነበረበት። ጦርነቱ ሲያበቃ ዊን ወደ አገሩ፣ ወደ ክሊቭላንድ ወስዷት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እስከ ሞተችበት ቀን አብረው ኖሩ።

«ወንድሜ፣ ይህን የነገርኩዎ ቡቺ ሽቦ ትዘረጋለች ብዬ አይደለም» አሉ መምህርቷ። «በዚያ ቱቦ ያለፈችው የሚጠራትን ድምፅ ስላመነች ነው። እኔም ከቤቴ የምጠራው ካጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ።»

ዘበኛው ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም፣ «ቤትዎን ልየው?» ሲሉ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ከአንድ ዘበኛ ለአንዲት መምህርት ሲቀርብ ቀላል አይደለም። መምህርቷ ግን ቅር አልተሰኙም፤ «እንዲያውም ሳያዩ ቢሰጡኝ ነበር የምታዘብዎ» አሉ።

ቤቱ ጠባብ ነበር። ዘበኛው በሩን፣ የመስኮቱን ከፍታ፣ የግቢውን መዝጊያ ተመለከቱ። የሚፈታ ትልቅ ውሻ በአካባቢው አልነበረም። ከበላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት ጠበል በሚቀመጥበት ቤት ውሻ መግባቱን አጥብቀው ተቃወሙ። መምህርቷም ከሥዕሉና ከጠበሉ ዘንድ ውሻዋ እንዳትደርስ መጋረጃ መጋረዳቸውን አሳዩ፤ ጎረቤትየዋ ሙሉ በሙሉ ባይስማሙም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዘበኛው የቀራቸውን ጥያቄ ለመጠየቅ አፍረው ቆይተው፣ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ ትንሽ ውሻ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ሊኖር ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። እርስዎ ደግሞ …» ብለው አቋረጡ። መምህርቷ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጡ። እሳቸው ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ የእኅታቸው ልጅ ውሻዋን እንደምትረከብ በፊርማዋ ያረጋገጠችበት ነበር። «እኔም አስቤበታለሁ» አሉ።

ነሐሴ 13 ቀን፣ የቡሄ ዕለት፣ 10ሩ ቀን ሞላ። ውሻዋ ጤነኛ ነበረች፤ ሰውየውም ከሥጋት ወጡ። ከየመንደሩ ልጆች እየጨፈሩ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ፣ ጅራፍ እያስጮኹ ሲያልፉ፣ ዘበኛው ቡቺን ከካፖርታቸው ሥር ሸሽገው፣ በእያንዳንዱ የጅራፍ ድምፅ ጆሮዋን በመዳፋቸው እየከደኑ፣ ከጉለሌ እስከ መምህርቷ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ምንም አልተቀበሉም፤ መጥተው ሊያዩአት እንዲፈቀድላቸው ብቻ ለመኑ። ሲመለሱ ከዘበኛ ቤቷ ውስጥ አንድ ያልተቀቀለ እንቁላል ተቀምጦ ቆያቸው። ጾሙ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

ሰው ከወደደው ነገር መለየቱ ስንፍና የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ኃላፊነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ዘበኛው ውሻዋን ከራሳቸው ጋር ለማስቀረት የሚከለክላቸው አልነበረም። ግን በር የማይዘጋባት፣ ሌሊት የመንጋ ውሾች በአጥሩ ሥር የሚመላለሱባት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርባት የዘበኛ ቤት እሳቸውን እንጂ እሷን እንደማታኖር ያውቁ ነበር። ለነጋዴው «ለእሷ አይሆንም» ያሉትን ቃል ለገዛ ቤታቸውም ተናገሩት። ከሁሉ የከበደውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መስከረም ከጠባ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ፣ ዘበኛው ያችኑ ካፖርት ለብሰው የመምህርቷን በር አንኳኩ። ከውስጥ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የማያቋርጥ የውሻ ጩኸት ተነሣ። ቡቺ በ10ሩ ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ጮኻ አታውቅም ነበር። መምህርቷ በሩን ሲከፍቱ በእግራቸው መካከል ቆማ፣ ሁለንተናዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ያወጧትን ሰው ከደጃፏ ልታባርር ጮኸችባቸው። መምህርቷ አፍረው፣ «ኧረ ቡቺ! ምን ነካሽ?» ብለው ሊይዟት ጎንበስ አሉ።

ዘበኛው ግን ከደጃፉ ሳያልፉ ቆመው ይስቁ ነበር፤ ዐይናቸውም እንባ አቅርሯል። «ይተዉአት፣ እትዬ። ትጩኽ። ቤቷ ነው» አሉ።