የታመመው ቅጠል የትኛው ነው?

አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያለ የውሃ ተክል ሲገረጣ ብዙዎቻችን ወዲያው «ማዳበሪያ ይጨመርለት» እንላለን። በበኩላችን ግን አስቀድሞ «የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ለጋው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት እንላለን።

ተክል ናይትሮጅን ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ነው። መሬቱ ሲደክም የሀብሩ ገበሬ በማሽላው ላይ የሚያየውም ይኸንኑ ነው። ፖታሲየም ሲጎድልም አሮጌው ቅጠል ይበሳሳል። ብረት ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል እንደልቡ አይወጣም፤ ስለሆነም ሲጎድል ለጋው ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። አዲስ የተተከለውስ? አሮጌ ቅጠሉ ረግፎ ቡቃያው ደህና ከሆነ ውሃውን እየለመደ ነውና መታገሥ ነው።

በገንዳው ሽሪምፕ የሚባለው ባለብዙ እግር ትንሽ የውሃ እንስሳ ካለማ ጥንቃቄው ይብሳል። መዳብ የበዛበት መድኃኒት ሽሪምፑን ይፈጀዋል።

እኛ ደግሞ ነገ ክፍል የምንገባ ነን። የደከመ ተማሪ ሲያጋጥመን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የጎደለው ምግብ ይሁን እንቅልፍ፣ ወይስ ያለፈው ዓመት ትምህርት፣ አይተን እንለይ። መድኃኒቱ ምርመራውን አይቅደም!