በማይታየው ስፍራ ያለ ዝገት

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ጠመንጃ ተራ የቤት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው የአባት ቅርስ፥ የባለቤቱም ክብር ሆኖ ነው። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሰደፉን ይወለውላል፤ መዝጊያውን አውልቆ የአፈሙዙን ውስጥ ወደ ብርሃን አቅንቶ ይመረምራል፤ ሲያበራ ባየውም ጊዜ ደስ ይለዋል። ይህ ልማድ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልማድ ምክንያቱ ካልተጠየቀ፥ ዕቃው ሲለወጥ እርሱ ሳይለወጥ ይቀራል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚሁ ነው።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት አባቶቻችን ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበረ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ አገር የወጣ፥ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ መሣሪያ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ እኩሌታ የሚበልጠው ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ይህም ዝቃጭ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ዘይት አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በፈላ ውሃ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ከዚያ በኋላ ቅባት መቀባት ትክክለኛ ጥበብ ነበረ።

ቀጥሎ ለበንና ምንሽር መጡ። ባሩዳቸው ጢስ የሌለው ስለ ሆነ ጠመንጃው ንጹሕ መሰለ፤ ውሃውም የማያስፈልግ መሰለ። ነገር ግን በዚያ ዘመን በቀለሁ ቂጥ ላይ የነበረው መለኮሻ ሲነድ፥ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተው ነበር። ጨው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የባላገር ሰው ያውቃል፤ በክረምት የጨው አሞሌ ሲያልበው አይቷልና። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በሸዋ ዱርና ገደል ለተዋጉት አርበኞች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጥይት ከጠላት እየማረከ ለሚዋጋ ሰው፥ ለዛገ ጠመንጃ ምትክ የሚሰጥ ግምጃ ቤት አልነበረውምና።

ከዚህ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን አሠራራቸው ሌላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር የታጠቀው የአሜሪካ ኤም ዋን፥ በ1970 ዓ.ም. አካባቢም ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የገባው ክላሽንኮቭ፥ ሁለቱም በጋዝና በፒስተን ይሠራሉ። ጋዝ ስል ለፋኖስ የምንገዛውን ማለቴ አይደለም፤ ባሩዱ ሲነድ የሚፈጥረውን ኃይለኛ ትኩስ አየር ማለቴ ነው። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲያልፍ፥ ከዚህ አየር ጥቂቱ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይወጣና ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑም መዝጊያውን ወደ ኋላ ወስዶ ባዶውን ቀለህ ያስጥላል። ምንጩም መልሶ ሲገፋው ሌላ ጥይት ያጐርሳል።

እንግዲህ ጋዙ በሄደበት ሁሉ ጥቀርሻውና ጨው ካለው ጨዉ አብሮት ይሄዳል። በአገሬ ካየኋቸው ክላሾች ውስጥ አፈሙዛቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ፥ ነገር ግን ቱቦው ሲወልቅ ፒስተኑ በጥቀርሻ የተለበጠ፥ የቱቦውም ውስጥ የዛገ ጥቂቶች አልነበሩም። ባለቤቶቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ከአባቶቻቸው የተማሩትን በትጋት ፈጽመዋል። አባቶቻቸው ግን ፒስተን አልነበራቸውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቱቦውን አውልቆ ፒስተኑንና የቱቦውን ውስጥ በጨርቅ መጥረግ፤ ጥይቱ ጨው የሚተው ዓይነት ከሆነ በፈላ ውሃ አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ፤ አፈሙዙንና መዝጊያውን በስሱ ዘይት መቀባት። በፒስተኑና በቱቦው ግን ዘይት ማብዛት አይገባም፤ በትኩሱ አየር ነዶ ሌላ ጥቀርሻ ይሆናልና። የኑግ ዘይትም ለወጥ እንጂ ለጠመንጃ አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

የአገሩም አየር የራሱ ጠባይ አለው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው በጓሳ ብርድ ያደረ ብረት ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ያልበዋል። ያን ጊዜ በባና ጠቅልሎ ማስቀመጥ ክፉ ነው፤ ሱፍ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋልና። ብረቱ እስኪሞቅ ጠብቆ መወልወል ይሻላል። ወደ ጀማ ሸለቆ ቆላ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ቅባት የበዛበት መዝጊያ አቧራውን እንደ ሊጥ አቡክቶ ይይዘዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ። በራሱ የሚያጐርስ ጠመንጃ ካዝናው ስለ ወለቀ ብቻ ባዶ አይሆንም፤ አንዲት ጥይት በውስጡ ትቀራለች። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፥ ካዝናውን አውልቆ፥ መዝጊያውን ስቦ፥ ጥይት የሚያርፍበትን ክፍል በዐይን ማየትና በጣት መዳሰስ ይገባል። «ባዶ ነው» በተባለ ጠመንጃ ልጁን ያጣ አባት፥ ወንድሙን የቀበረ ወንድም በየአገሩ አለ። ዝገት ብረትን ቀስ ብሎ ይበላል፤ ይህ ግን በቅጽበት ነው። ተወልውሎም ሲያበቃ ልጆች ከማይደርሱበት ተቈልፎ መቀመጥ አለበት።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። መታጠቅም እንደዚሁ ነው። የሚታየውን መወልወል ለጌጥ ይበቃል፤ መሣሪያውን አውቄዋለሁ ለማለት ግን ኃይሉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መከተል፥ ዐይን የማይደርስበትንም ስፍራ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።