ጓሳ በበልግ ዝናብ፦ ከልጅ ልጆች ጋር በመንዝ ተራራ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማበር ሲደርስ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። አብዛኞቻችን መንዝን የምናውቀው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ በሚቀበለን ጉም ብቻ ነው። መስኮት ዘግተን፣ ጋቢያችንን ደርበን እናልፈዋለን። ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ የሚታጠፈውን መንገድ የያዘ ግን ከፍታውን ሳይለቅ ተጉዞ፣ ጓሳን አቋርጦ መሐል ሜዳ ይገባል። ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለልጆቻችን ላሊበላንና የሰሜን ተራሮችን ለማሳየት ዓመት ሙሉ ገንዘብ የምናጠራቅም ሰዎች፣ ማለዳ ተነስተን ለምሳ የምንደርስበትን ይህን አገር ሳናይ መቅረታችን ይገርመኛል።

በ2011 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። አምስታችን ጡረታ የወጣን የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች ነን፤ ሁለቱ ወላጆች፣ አራቱ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው የልጅ ልጆች ነበሩ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ድሬሰር ሆነው ሠላሳ ምናምን ዓመት አገልግለዋል። የተወለዱት መንዝ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ለትምህርት ደብረ ብርሃን ከወረዱ ወዲህ ጓሳን አላዩም። “አባቴ ሣር ሊያጭድ ሲሄድ ይዞኝ ወጥቶ ገደሉ አፍ ላይ አቁሞ ቆላውን አሳይቶኛል፤ እኔም ለዚህ ልጅ ላሳየው” ይሉ ነበር። “ይህ ልጅ” የሚሉት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ነው። ጉልበታቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ መሆኑን ስለምናውቅ ጉዞው የእርሳቸው ነው ብንል ይቀላል።

ደብረ ብርሃን ቁርስ ስንበላ ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ሹፌር፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየጣለ ነው አለን። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ከወላጆቹ አንዷ እንመለስ አለች፤ ድንኳኖቹ ግን ፖርቶመጋላው ላይ ታስረዋል፣ ልጆቹም ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። እኔ በነርስነት ሙያዬ ብዙ ብርድ የመታው ሰው አይቻለሁ፤ ዝናብ ብቻውን ጉዞ አያስቀርም ባይ ነኝ። የሚያስፈራው ደረቅ ልብስና ደረቅ መጠለያ ሳይያዝ፣ ደግሞም “ይበቃል” የሚል ሰው ሳይኖር መሄድ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ተስማምተን ተነሣን። የእግር ጉዞው በጠዋት ብቻ ይሆናል። ነጎድጓድ ከተሰማ ድንኳን ውስጥ ማንም አያድርም። ተራራው ላይ ስንሆን የመጨረሻው ቃል የአካባቢው ጠባቂ ነው፤ ሽማግሌም ሐኪምም ቢኖር።

ከጣርማበር በኋላ አገሩ ይለወጣል። ዛፍ ይሳሳል፣ የድንጋይ ካብና ጎጆ ይበዛል፣ ልጆች በጎች እያገዱ በርኖስ ለብሰው ይቆማሉ። አዲስ አበባን በሹራብ የለቀቀ ሰው ካፖርቱን የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሜዳና ኮረብታ ነው። ከዚህ አምባ የሚመነጨው ውሃ በአንዱ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ጓሳ መጀመሪያ የሣር ስም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቢጫማ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን እያንዳንዱ ቁጥቋጦ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ እቅፍ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበትን ገሳ ይሠራበታል። ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ሳይነካው ቀርቶ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የሚወለዱት ባለ ርስቶች አለቃ መርጠው መሬቱን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉታል። በዚያ ጊዜ ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፣ ዝናብ ሲቃረብ ይዘጋል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብቱ መትረፊያ እርሱ ነው። በተከለከለው ጊዜ አጭዶ ቤቱን የከደነ ሰው ክዳኑ ይቃጠልበት እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በኋላ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ ጠባቂዎቹም የአካባቢው ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ድንኳን ውስጥ አደርን። ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እንደ ተዘራ ጤፍ ነበር። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አገኘን። ሁለታችን ራሳችንን አሞን ነበር። በዚያ ከፍታ የመጀመሪያው ቀን ይህ የተለመደ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃዋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ማስታወክና መንገዳገድ ካመጣ ግን ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ እንጂ ኪኒን ውጦ መቆየት መፍትሔ አይሆንም።

ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። ወንዱ ትከሻው ላይ የሚወርደውን ፀጉር ያየው የጋሼ ልጅ “አባባ፣ በርኖስ ለብሷል” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ጠባቂው በመንጋው መካከል ቀይ ቀበሮ እንደሚመላለስ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጓሳ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ገደማ ይሳካለታል፤ ጭላዳዎቹ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። ግልገሎቻቸውን ስለማይነካ እነርሱም አይሸሹትም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ መሆናቸውን ስነግራቸው፣ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤታችን ተማሪ ያንሳሉ አለች።

ወደ ገደሉ አፍ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሲቀረን፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ነፋሱ ተገለበጠ። እኛ ያየነው አንድ ጥቁር ደመና ብቻ ነበር። ጠባቂው ቆሞ አየና “አባባ፣ ከዚህ አናልፍም” አላቸው።

ጋሼ በትራቸውን ተከሉ። “ልጄ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሩብ ሰዓት ነው የቀረኝ” አሉት።

“ያውቁታል አባባ፤ ገደሉ አፍ ላይ መጠጊያ የለም።”

ማናችንም አልተናገርንም። እኔ የልጁን ፊት እንጂ የእርሳቸውን ማየት አልቻልኩም። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና “እንግዲህ ዘበኛው ከዘጋ ዝግ ነው፤ አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚሉት” ብለው ዞሩ።

ብልጭታውን ካየሁ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ብርሃኑና ድምፁ መካከል ሦስት ሴኮንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሠላሳ ካልሞላ መብረቁ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነን። የመጀመሪያው ሃያ አራት ሆነ፣ ቀጣዩ አሥራ አምስት። ጠባቂው ከኮረብታው ጀርባ አውርዶ በሸለቆው በኩል መራን። ተራርቀን እንድንሄድ፣ ጃንጥላ እንዳንዘረጋ፣ ብቻዋን ከቆመች ጅባራ ሥር እንዳንጠጋ አደረግን። ልጆች ሲፈሩ ይሰበሰባሉ፤ በየወላጃቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ማራራቅ ከባድ ሥራ ነበር። በረዶው ሲወርድ ባቄላ ያክላል። አርባ ደቂቃ ተጉዘን መኪናው ጋ ደረስን። የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ከመብረቅ ይጠብቃል፤ ድንኳን አይጠብቅም።

መኪና ውስጥ ሁሉም ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃል፣ ያወራል። የጋሼ ልጅ ግን ዝም አለ። ዚፑን ፍታ ብለው ጣቱ አልታዘዘውም። ቆፈን ነው ይባል ይሆናል፤ ጠይቄው ሲመልስልኝ ግን ምላሱም ተሳስሯል፣ መንቀጥቀጡም ቆሟል። ወላጆች ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ ብርድ የመታው ልጅ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ እየተሻለው አይደለም፣ እየባሰበት ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮም እጅም ይደነዝዛል። የለበሰው የጥጥ ሹራብና ጂንስ ነበር፤ ጥጥ ከራሰ ሙቀት ይስባል። እርጥቡን በሙሉ አውልቀን፣ አድርቀን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከአክስቱ ደረት ጋር አስጠጋነው፤ ኮፍያ አደረግንለት። መዋጥ መቻሉን አይቼ ከፔርሙዝ ለብ ያለ ስኳር ያለው ሻይ በትንሽ በትንሹ ሰጠሁት። ሹፌሩ ከልቡ አዝኖ አረቄ አመጣ፤ እግሩን እንሸው፣ ትንሽም እናቅምሰው አለ። አይሆንም። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት ያስወጣል። የቀዘቀዘ እጅና እግርን ማሸትም የቀዘቀዘውን ደም ወደ ልብ ሊመልስ ይችላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። መንቀጥቀጥ አይቼ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አያቱ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ወረድን። ያን ሌሊት ያደርነው በማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከአባቶቹ አንዱ ልጆቹ እንዲሞቃቸው የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ ሊያስገባ ሲል በር ላይ ቆምኩበት። የጋለ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ተኝቶ የተነፈሰው አይነቃም። በዘመኔ ከአንድ ቤት አራት ሰው ያነሣንበት ጠዋት አለ። ድንኳን ውስጥማ ከዚህ የባሰ ነው። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ከልጁ እግር ሥር ማኖር ይበልጣል። ለመንገድ ለሚነሡም ይህን ልጨምር፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ታስሮ መኪና ውስጥ ይቅር፤ የላይኛው ልብስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የምንወስድ አያቶች ኪኒናችንን በኪሳችን እንያዝ፤ ብርድ ሲመታንም ከልጆቹ ዘግይተን ነው የሚሰማን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ልጁን ይዘው ከጠባቂው ጋር እንደገና ወደ ገደሉ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ዝናብ የለም፤ ጉም ግን ከሥር እየፈላ ይወጣል። አፉ ላይ ደርሰን ቁጭ አልን። ቆላው የለም፣ አፋር የለም፣ ከእግራችን ሥር ነጭ ብቻ። ጋሼ በበትራቸው ወደ ነጩ እያመለከቱ ወንዙ በዚህ፣ መንገዱ በዚያ ይሉታል፤ ልጁም የሚያየውን ያህል ይነቀንቃል። ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። ጭላዳዎቹ ካደሩበት እየተንጫጩ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ ብቅ እያሉ አጠገባችን አልፈው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ጉሙ አልተገለጠም።

መሐል ሜዳ ስንገባ ረፋዱ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይጠጣል። ገበያው ላይ ጋሼ ለልጁ የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራ ባና መረጡ። ሻጯ ዋጋ ስትነግራቸው አዲስ አበባ በጭራሽ ሰምቼባቸው በማላውቀው አነጋገር ይከራከሯት ጀመር። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸውና “የማን ልጅ ነዎት?” አለቻቸው። ቁጭ ብለው የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ቆጠሩላት። ሚኒባሱ ለመነሣት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቃቸው።