ሠላሳ አንደኛዋ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ፣ የሠፈራችን ዕድር ዱቄትና ዘይት አሰባስቦ ለችግረኛ ሊያካፍል ተነሣ። የተገኘው ለሠላሳ ቤት ብቻ የሚሆን ነበር። ጸሐፊው እኔ ነኝ። «እንዳንታማ በወር ገቢ እንሂድ» ተባባልን፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርኩና ሠላሳኛው ላይ አሰመርኩ።

ሹሩባ የምትሠራዋ ጎረቤቴ ከመሥመሩ በታች ቀረች። ገቢዋ ከጡረተኞቹ ይበልጣላ! ደንበኞቿ በሽታውን ፈርተው እንደቀሩባት፣ ልጇ አስም እንዳለበት፣ የቤት ኪራዩ ወር ጠብቆ እንደሚመጣባት ወረቀቱ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

«ጋሼ፣ እኔን ዘለላችሁኝ?» አለችኝ በር ላይ።

«በሥርዓት ነው የሠራነው» አልኳት። (ይቺ ሥርዓት የምትባል ቃል ስንቱን ትሸፍናለች!) በሁለተኛው ወር ፍሪጇን ሸጠች። በአራተኛው ቤቱን ለቃ ሄደች።

ይህን ያስታወሰኝ የኢኮኖሚክስና የኮምፒውተር ጥናት ነው ብል ትስቁ ይሆናል። አዲስ አበባ ያደጉት ረድኤት አበበ የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። ከተመራመሩባቸው ጥያቄዎች አንዱ ቁርጥ የእኛው ዕድር ጥያቄ ነው፤ ያለችው ትንሽ ድጎማ ለማን ትሰጥ? ከአማካሪያቸው ከጆን ክላይንበርግና ከማቲው ዋይንበርግ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ቤተሰብን በገቢው ብቻ አይለኩትም። ያለውን ጥሪትና ድንገት የሚወርድበትን ዱላ፣ የገቢ መቋረጥን የመሰለውን፣ አብረው ያሰላሉ። ያኔ ተራው ይገለባበጣል፤ ገቢው ሻል ያለው ሰው ለውድቀት ይበልጥ የቀረበ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሌላም ጣጣ አለ። የምንፈልገው የሚወድቁትን ሰዎች ቁጥር መቀነስ ነው፣ ወይስ ከሁሉ ይልቅ አፋፍ ላይ ያለውን መያዝ? ሁለቱ ዓላማዎች ሁልጊዜ ወደ አንድ ቤት አይመሩም። አልጎሪዝም ለሁለቱም ስሌት ይሠራል፤ የትኛው ይሁን የሚለው ግን የሰው ምርጫ ነው። እኛ ኮሚቴዎቹ እንዲህ ያለ ምርጫ መኖሩን እንኳ ሳናውቅ ነው እጃችንን ያወጣነው።

አሁንም ጸሐፊው እኔው ነኝ። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «ባለፉት ስድስት ወራት ምን ገጠማችሁ?» የምትል። ሊቀመንበራችን «ኧረ ተው፣ ሰው ይዋሻል፤ ደግሞም ያለቅስብናል» አሉኝ። ያልቅስ።

የያኔውን ዝርዝር ከመዝገቡ አልገነጠልኩትም። ሠላሳ አንደኛው ተራ ላይ የስልክ ቁጥሯ አለ። ደውዬ አውቃለሁ፤ አይሠራም።